የሾፌሩ በር

የመኪና ቀለም ቀቢ ሥራው ማለቁን የሚያረጋግጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የሺእመቤት ይህን የተማረችው ከአባቷ ነው፤ ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ውሃው ተጠርጎ፣ አቧራው ተራግፎ ሲያበቃ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ዓይኗን ትከድናለች፣ ከዚያ እጇን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጋ ታወርዳለች፤ ዓይንን ብርሃን ያታልለዋል፣ መዳፍን ግን የፀጉር ያህል ጉድለት እንኳ አያመልጠውም። አባቷ አቶ ይመር ከሞቱ ወዲህ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ጋራዥ በእሷ እጅ ነው። ቀለሙን እሷ ትሠራለች፣ የተጨራመተውን ላሜራ ደግሞ ከአባቷ ዘመን ጀምረው እዚያው ያረጁት አያ ሰይድ ይቀጠቅጣሉ። ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ጋራዡ በር ድረስ ይወርዳል፣ ቀለሙ አልደርቅ ይላል፣ የሺም ጉሙን ሰው ይመስል ስትሰድበው ትውላለች። መጠበቅ አይሆንላትም።

ያን ሰሞን የያዘችው ሥራ የወንድሟ መኪና ነበር። አስናቀ ለዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በስንት መከራ የራሱን ገዛ፤ ከአዲስ አበባ ራሱ ነድቶ ያመጣት፣ ያገለገለች፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትንሽ መኪና። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ወንበሮቿም ንጹሕ ናቸው። ነውሯ አንድ ብቻ ነው፤ በሾፌሩ በር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ እስከ በሩ ግርጌ የሚወርድ ጭረት።

«ሻጩ ስለዚህ ምን አለህ?» አለችው።

«‹ስገዛትም ነበረባት፤ ያላሳየሁት ቀለም ቀቢ የለም› አለኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ እህቴን አታውቃት አልኩ።»

«ምላስህን ለተሳፋሪ ቆጥበው። ለመቼ ነው የምትፈልጋት?»

«ለቅዳሜ ጠዋት። ኮምቦልቻ ያለው ድርጅት እንግዶቹን ከአየር ማረፊያ የማመላለሱን ሥራ ለእኔ ሊሰጠኝ ነው። ቅዳሜ ካልደረስኩ የሚጠብቁ ሞልተዋል፣ እታለም። እንዳታዋርጅኝ።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ጎን ለጎን የሚወርዱ አራት መስመሮች ናቸው። ሦስቱ ነጩ የመሠረት ቀለም እስኪታይ ድረስ ጠልቀዋል፤ ከዳር ሁለተኛው ግን ስስ ነው፣ ጀምሮ የተወው ይመስላል። የእሾህ አጥር ወይም የሰፈር ዱርዬ ሚስማር ነው ብላ አለፈችው። ፈቀችው፣ በስቱኮ ሞላችው፣ እንደገና ፈቀችው፤ የመሠረት ቀለሙን፣ ቀጥሎ ሰማያዊውን፣ በላዩም አንጸባራቂውን ቫርኒሽ ነፋችበት። አመሻሽ ላይ ጋራዡን ከመቆለፏ በፊት ዓይኗን ጨፍና መዳፏን አወረደች። ምንም የለም። የረጋ ውሃ የነካች ያህል ለስላሳ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጭረቱ ቦታው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ራሷን ነው የወቀሰችው። ስቱኮ ሳይደርቅ የቸኮሉበት እንደሆነ ይሸሻል፣ የሸፈነውንም ያጋልጣል፤ ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እየተነጫነጨች በሩን እስከ ብረቱ ድረስ ላጠችው። ብረቱ ንጹሕ ነበር። ጥርሷን ነክሳ መላልሳ በጣቷ ዳሰሰችው፤ አንድም የተጫረ ነገር የለም። በዚያ ባዶ ብረት ላይ አዲስ ቀለም ከመሠረቱ ጀምራ ሠራች፣ ዓይኗን ጨፍና ፈተነችው፣ አለፈ። ቆለፈች። ጠዋት ስትከፍት አራቱ መስመሮች አዲሱ ቀለም ላይ ቁልቁል ወርደው ጠበቋት፤ ከሥራቸው፣ በሩ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ የተላጠው ቫርኒሽ እንደ ጥፍር ቁራጭ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። የትናንቱ ቀለም ነው የተጫረው። ትናንት ማታ ደግሞ እዚህ ሰው አልነበረም።

«ድመት ይሆናል» አሉ አያ ሰይድ፣ መዶሻቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው።

«ድመት ነው አራት መስመር አስተካክሎ ከላይ እስከ ታች የሚያወርደው?»

«እንግዲህ የዘንድሮ ድመት ተምሯል።»

አልሳቀችም። በዚያ ቀን የጋራዡን በር ቁልፍ ቀየረች፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ዞራ አየች፣ የሰፈሩን ዘበኛ ውሻ ተውሳ እዚያው ጋራዡ ውስጥ አሰረችው። በሩን ለሦስተኛ ጊዜ ፍቃ ቀባች፤ ሲፋቅ የወረደውን ነጭ ብናኝ ግን ደክሟት ሳትጠርግ ሄደች። ጠዋት መጀመሪያ ያየችው ውሻውን ነው። ገመዱ እስከሚፈቅድለት ድረስ ከመኪናዋ ርቆ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሳይጮህ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ወለሉን አየች። ነጩ ብናኝ ላይ፣ በትክክል ከሾፌሩ በር ሥር፣ ሁለት ክብ ጉድጓዶች ነበሩ፤ ሰው ተንበርክኮ የተነሳበት ቦታ ይመስላሉ። በዙሪያቸው ደግሞ ግማሽ ክብ ሠርተው የቆሙ ብዙ እግሮች ዱካ አለ፤ የሴት ጫማ፣ የላስቲክ ጫማ፣ አንዱ ባዶ እግር። ከጋራዡ በር ወደ መኪናዋ የሚመጣ ዱካ የለም፣ ከመኪናዋ የሚመለስም የለም። እዚያው ጀምረው እዚያው ያልቃሉ። የሺ መጥረጊያ አንስታ ብናኙን እስከ ጠርዙ ጠራረገችው፤ አያ ሰይድ ከመግባታቸው በፊት ለማድረስ እየተጣደፈች፣ የራሷን ነውር የምትደብቅ ይመስል።

ሐሙስ ዕለት አስናቀ ብቅ አለ። ከበሩ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ የጥቁር ሰማያዊውን ቀለም ነጸብራቅ እንደ መስታወት ተጠቅሞ፣ ፀጉሩን በጣቶቹ ማበጠር ጀመረ።

«አየሻት? እኔን አሳምራ ነው የምታሳየኝ። ይቺ ጭረት ግን አልለቀቀችሽም፣ ኧረ እርጅና ነው እታለም!»

እሷ ግን በሩን ነበር የምታየው። በበሩ ውስጥ የሚታየው የወንድሟ ፊት ላይ፣ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ፣ አራቱ መስመሮች ቁልቁል ይወርዱ ነበር፤ ሐዘን የገባበት ሰው ጉንጭ ይመስላል። ያን ጊዜ እናቷ ትዝ አለቻት። አባቷ የሞቱ ዕለት ወይዘሮ ዝማም እጇን የያዘላት ሰው ሳይኖር ፊቷን ነጭታዋለች፤ ጠባሳው ዛሬም ጉንጯ ላይ አለ። በዚያው የሐዘን ሰሞን የሺ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ በጣቷ እየተከተለች ቆጥራዋለች፤ ሦስት ጥልቅ፣ አንድ ስስ። ስስ የሆነው የቀኝ እጇ የቀለበት ጣት ጥፍር ስለሌለው ነው፤ የዚሁ ጋራዥ የብረት በር ድሮ ቀርጥፎ ወስዶታል። ከአባቷ ለቅሶ ወዲህ ቅሬው፣ ማለትም ሰፈሩ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዳበት ማኅበር፣ ደንብ አወጣ፤ ሐዘንተኛ ፊቷን እንዳትነጭ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጇን ይይዛሉ፣ ጩኸቷ ከልክ ሲያልፍም አንዷ በመዳፏ አፏን ትከድንላታለች።

«ምነው ፈዘዝሽ?» አላት አስናቀ።

«ተነስ ከዚያ» አለችው። «ቀለሙ አልደረቀም።»

ሲሄድ ጣቶቿን አራቱ መስመሮች ላይ አስቀመጠቻቸው። የእናቷ እጅ ከእሷ ይጠባል። መስመሮቹም ከጣቶቿ ይጠባሉ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። የቀለም መንፊያው ኮምፕሬሰር ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ዝም ሲል፣ ጋራዡ ውስጥ ሁልጊዜ ከድምፁ ሥር ተኝቶ የኖረ ጸጥታ ብድግ አለ። አያ ሰይድ ለጁምዓ ሶላት ወጥተዋል። ጉሙ በበሩ ገብቶ ቀኑን እንደ አተላ አደፍርሶታል። መኪናዋ የቆመችው ቀለም በሚነፋበት ማዕዘን ነው፤ ማዕዘኑን ከቀረው ጋራዥ የሚለየው አቧራ እንዳይገባ ከጣሪያ እስከ ወለል የተንጠለጠለ ወፍራም ላስቲክ ነው። የሺ ከዚያ ላስቲክ ውጭ፣ የመንፊያውን ጣሳ በእጇ ይዛ፣ በቲነር እያጠበች ነበር። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ነፍታ ከወጣች ብዙም አልቆየችም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የቲነሩን ኃይለኛ ሽታ ገፍቶ፣ በዝናብ የራሰ ነጠላ ሽታ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲተፋፈግ የሚወጣው የላብና የእንባ ሽታ ወደ አፍንጫዋ ደረሰ። ከዚያ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ወደ ውጭ ነፋ አለ፤ ነፋስ ግን አልነበረም። ከዚያ ድምፁ መጣ። ደረቅ፣ ቀጭን፣ ከላይ የጀመረ፣ ሳይቸኩል ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ፤ ጥርሷ ሥር ድረስ ተሰማት። ግርጌ ሲደርስ ቆመ፤ ተከትሎት ከሆድ የሚሳብ፣ ጩኸት መሆን አቅቶት የቀረ ሲቃ። በላስቲኩ ማዶ ነጫጭ ነገሮች ቆመው ነበር፣ ግማሽ ክብ ሠርተው። በመካከላቸው አንድ ዝቅ ያለ ነጭ ነገር አለ፣ በሩ ላይ የተለጠፈ።

እግሯ ሽሺ አላት፣ ወለሉ ግን ያዛት። የራሷን ድምፅ የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ማነው?»

ሲቃው ተቋረጠ። ያበቃ ግን አይመስልም ነበር፤ አንድ ሰው ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሌላ ሰው በመዳፉ የከደነው ይመስል ነበር እንጂ። ጣሳውን ጥላ ላስቲኩን ገለጠችው። መኪናዋ ብቻዋን ቆማለች። ገና ያልደረቀው ቫርኒሽ ላይ አራቱ መስመሮች ወርደዋል፤ የተላጠው ቀለም ጫፉ ላይ እየተጠቀለለ፣ በዓይኗ ፊት ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልቀራትም። ያችን መኪና የሚነዳ ሰው ይሞታል፣ እናቷም ታለቅሰዋለች፤ ጭረቱ የሚለው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያምን ሰው ሲያጋጥማት ስታሾፍ ነው የኖረችው። አሁን ግን የማመንና ያለማመን ጉዳይ አልነበረም፤ መዳፏ ነግሯታል። በሩን ለልማድ ያህል እንደገና ሞልታ ቀባችው። አያ ሰይድ ሲመለሱ ክሪክ አምጡልኝ አለቻቸው፣ አራቱንም ጎማ ፈቱ፣ መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጧት።

«ለነገ ይፈልጋት የለም እንዴ?» አሏት ሽማግሌው።

«ጎማዎቹን እኔ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ቢጠይቅዎት አላውቅም ይበሉት።»

አያ ሰይድ ፊቷን አይተው ጎማዎቹን ወደ በሩ ማንከባለል ጀመሩ።

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የሺ ጎኗ ተቀመጠች፣ መቀስ አወጣች፣ የእናቷን ግራ እጅ ሳበች።

«ጥፍርሽ አድጓል፣ እማ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ? ልትገንዢኝ ነው እንዴ?» ብላ ወይዘሮ ዝማም ሳቀች፤ ስትስቅ ጉንጯ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ይሸበሸባሉ። እጇን ግን ሰጠቻት። የሺ ጥፍሮቹን እስከ ሥጋው አስጠግታ፣ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳታስቀር ቆረጠች። የግራውን ጨርሳ ቀኙን ስትስብ በሩ ተበርግዶ አስናቀ ገባ።

«ጎማዬን ማን ነው የፈታው?» ብሎ ጮኸ። «ጋራዥ ሄጄ መኪናዬን እንደ ዶሮ ቆጥ ድንጋይ ላይ አገኘኋት! አያ ሰይድ ደግሞ ምላሳቸውን ውጠዋል!»

«ቀለሙ አልደረቀም።»

«ጎማ ትቀቢ ነበር?»

«አልሰጥህም፣ አስናቀ። ነገ በዚያች መኪና አትሄድም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።»

እናታቸው ምስሩን አስቀምጣ በመሐላቸው ተነሳች፤ «ተዉ፣ የአንድ እናት ልጆች!» እያለች አንዱን በግራ አንዷን በቀኝ እጇ ገፋች። መቀሱ ከየሺ ጭን ወድቆ መደቡ ሥር ገባ። ያን ማታ ማንም አላነሳውም።

ቅዳሜ ጠዋት የሺ ጋራዡን ስትከፍት በሩ ላይ ጭረት አልነበረም። ዓይኗን ጨፍና ዳሰሰች፤ ደግማ ዳሰሰች። ለስላሳ ነው። ውሻው ሳይቀር ከግድግዳው ተላቆ ጅራቱን ወዘወዘላት። መኪናዋን ተደግፋ ተቀመጠች፤ አሸነፍኩ አለች። ብዙም ሳይቆይ አስናቀ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጫማውን ቀብቷል። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፣ ተጎድቶ ነበር እንጂ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንሽ። ጎማዎቹን ስጪኝ።»

«በሚኒባስ ሂድ» አለችው። «ሰውየውን በአካል አነጋግረው። መኪናዋ ሰኞ ትደርሳለች በለው። አንድ ሁለት ቀን ታገሠኝ፣ ወንድሜ፤ በኋላ ታመሰግነኛለህ።»

«አንቺ ነሽ ታገሥ የምትዪኝ?» አለና ሳይፈልግ ሳቀ። «እሺ። በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

ጉሙ እስኪውጠው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ፖሊሽና ለስላሳ ጨርቅ ይዛ ላስቲኩን ገልጣ ገባች፣ ያን በር እንደ ሕፃን ገላ ስታሸው አረፈደች። ክንዷ ሲዝል ደስ አላት። በሩ ውስጥ የራሷ ፊት ይታያል፣ ንጹሕ፣ አንድም መስመር የሌለበት።

መብራቱ ጠፋ። ኮምፕሬሰሩ ተንፍሶ ዝም አለ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የራሰ ነጠላ። ቀና ስትል አያ ሰይድ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የቅሬው ሴቶች ነበሩ፤ ላስቲኩን ገልጠው አንድ በአንድ ገቡ፣ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። መካከላቸው አንድ እግሯ ባዶ የሆነ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች እናቷ አለች፣ ግራና ቀኝ እጇን ተይዛ።

«ኮምቦልቻ መውረጃው፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው አሉ» አለች አንዷ ሴት፣ ወለሉን እያየች። «ሚኒባሱ ተገልብጦ… ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው…» መጨረስ አልቻለችም።

ወይዘሮ ዝማም ግን መኪናዋን አየች።

«ይኸው! መኪናው ይኸው ቆሟል!» አለች። «በገዛ መኪናው ቢሄድ! መኪናው ይኸው ደህና ቆሞ!»

ሴቶቹ የጠበቁት ፊቷን ነበር፤ እጇ ወደ ፊቷ እንዳይሄድ ነበር የያዟት፣ እጇ ግን ወደ ፊቷ አልሄደም። ቀኙ ተመንጭቆ ወጣ፣ ከመስኮቱ ሥር የሾፌሩ በር ላይ አረፈ፣ እሷ በጉልበቷ ስትወድቅ አብሯት ቁልቁል ወረደ። ደረቅ፣ ቀጭን፣ የማይቸኩል ድምፅ። የሺ ማየት አላስፈለጋትም፤ ሦስቱ እንደሚጠልቁ፣ አንዱ እንደሚሳሳ ታውቃለች። የእናቷ ሲቃ ከሆዷ ተስቦ ሲወጣ ዓይኗን ወደ ላስቲኩ አነሳች። ላስቲኩ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ወደ ውጭ ነፋ አለ። በማዶው፣ በጉሙ ብርሃን ውስጥ፣ በእጇ ጣሳ የያዘች አንዲት ሴት ጥላ ቆሞ ነበር።

«ማነው?» አለ ከላስቲኩ ማዶ የየሺ የራሷ የትናንት ድምፅ።

የሺ ጎማዎቹን አትፍቺ፣ በመኪናው ይሂድ ልትላት አፏን ከፈተች፤ ልትጮህ መስሏት ከጎኗ የቆመችው የቅሬ ሴት በርኅራኄ፣ ቀስ አድርጋ፣ በመዳፏ አፏን ከደነችው።